ሳርካኒና የማንም ያልሆነው ደለል

በባንጃሮች አገር፣ በሙራይ ቦይ ግራና ቀኝ የሚኖር ሰው ሁሉ፣ በአክብሮት ጁላክ፣ ታላቅ አጎት፣ ስለሚለው ስለ ሳርካኒ አንድ ነገር ያውቃል። ሰው ማወቁን የማያውቀው ሳርካኒ ብቻ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ላለፉት አራት ዓመታት ሩዝ ታጭዶ ደረቁ ወራት በገባ ቁጥር፣ የቦዩ አለቃ ሳርካኒ ሱሪውን እስከ ጭኑ ይጠቀልልና፣ እጀታው ከቁመቱ የሚረዝመውን የጭቃ መቁረጫ ታንኳው ላይ ጥሎ ወደ ቦዩ ጭራ ይቀዝፋል። እዚያ፣ ገለም የሚባለው ዛፍ ጫካ ውስጥ፣ የሙራይን ቦይ ከወዲያኛው ከካሩፕ ቦይ ጋር የሚያገናኝ አራት መቶ ሜትር መተላለፊያ አለ። የመተላለፊያው መሃል በደለል ይደፈናል። ሳርካኒ እስከ ወገቡ ይገባና ደለሉን ጡብ ጡብ አድርጎ እየቆረጠ ወደ ዳር ይወረውራል። ሦስት ሳምንት ይፈጅበታል። ያዘዘው የለም፣ የሚያግዘው የለም፣ የሚያመሰግነውም የለም። ዕድሜው ስልሳ ሰባት ነው።

በሙራይ ደንብ እያንዳንዱ ቤት የሚጠርገው ከራሱ ማሳ ፊት ለፊት ያለውን ውሃ ነው። አለቃው ምልክት የተቀረጸበት ቀርከሃ ይዞ እየዞረ ጥልቀቱን ይለካል፤ ያጎደለ ሰው ስሙ መስጊድ በረንዳ ላይ ይነሳል፤ ሚስቱም ሳምንቱን ሙሉ አንገቷን ደፍታ ትከርማለች። የመተላለፊያው ዳር ግን ማሳ አይደለም፣ ጫካ ነው። ስለዚህ እዚያ የሚተኛው ጭቃ የማንም አይደለም። ደንቡን ከሳርካኒ አብልጦ የሚያውቅ የለም፤ ታዲያ እዚያ ምን ወስዶ ዶለው?

ሲጠይቁት «ውሃው እንዲተነፍስ ነው» ይላል። ታናሽ እህቱ ጁምራህ፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ አብራው የምትኖረው፣ እዚያው አጠገቡ ሩዟን እያበጠረች «እሱ እንዲተነፍስ ነው በሉ» ትላለች። ጁምራህ ስታወራ ድምፅዋን ዝቅ ማድረግ አልፈጠረባትም። የዚህ ታሪክ ግማሹ የተገኘው ከእሷ ነው፤ ሌላው ግማሽ ከጎረቤቷ ከባህራን ነው፤ እሱም ከእሷ የሰማውን ጨምሮበት ነው።

ጭቃው ከየት እንደሚመጣ ምስጢር አይደለም። የሰፈሩ የራሱ አፈር ነው። ሞተር ጀልባዎች ሲያልፉ የሚያስነሱት ሞገድ የቦዩን ዳር እየገመጠ ይበላዋል። የሳርካኒ አባት ከተከሏቸው የኮኮናት ዛፎች ሦስቱ ሥራቸው ተቦርቡሮ በየተራ ውሃ ውስጥ ተጋድመዋል። ውሃ ዳር የተተከለው የባህራን መጸዳጃ ቤትም አንድ ማለዳ ባለቤቱን እንደያዘ ሊሄድ ትንሽ ነበር የቀረው። የተበላው አፈር ባሕሩ በየዕለቱ ሞልቶ ውሃውን ወደ ወንዞቹና ወደ ቦዮቹ ሲገፋ ወደ ላይ ይጓዛል፣ ሲጎድል ወደ ታች ይመለሳል፤ እንዲህ ሲንገላታ ከርሞ ውሃው ቀጥ የሚልበት ቦታ ሲያገኝ ይተኛል። ውሃው ቀጥ የሚለው መተላለፊያው ላይ ነው። ከትልቁ ወንዝ በሙራይ በኩል የመጣው ሙላትና ከትንሹ ወንዝ በካሩፕ በኩል የመጣው ሙላት እዚያ ፊት ለፊት ይገጥማሉ። ያም አያልፍ፣ ይህም አይመለስ፤ እንደተኳረፉ ባልና ሚስት ዝም ተባብለው ቆመው፣ የተሸከሙትን ሁሉ እዚያው ያራግፋሉ።

ይህን መተላለፊያ ደግሞ ያስቆፈረው ሌላ ሰው አይደለም። ራሱ ሳርካኒ ነው።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር። ሐምሲያህ የምትባል የካሩፕ ልጅ ነበረች፤ ሃያ ዓመቷ፣ አባቷ ታንኳ በሚያስሩበት እርከን ላይ ቁጢጥ ብላ የዓሣ ወጥመድ የምታጥብ። በውሃ ከሙራይ ካሩፕ ለመድረስ ትልቁን ወንዝ ወርዶ፣ አፉን ዞሮ፣ ትንሹን ወንዝ መውጣት ነበር፤ አንድ ሙሉ ቀን። በጫካው በኩል በእግር ደግሞ ጉልበት የሚውጥ ረግረግ። ሳርካኒ በረግረጉ አምስት ጊዜ ሄደ። አምስቱንም ጊዜ የሄደው፣ ለጠየቀው ሁሉ እንደሚለው፣ የጠፋች ዳክዬውን ፍለጋ ነበር። በአምስተኛው ሐምሲያህ ቀና ብላ አየችውና፣ ዳክዬህ ቤትህን የጠላችው ምን አድርገሃት ነው አለችው። ሳርካኒ ላብና ጭቃ እንደሆነ ቆሞ፣ ቦዮቹ ቢገናኙ እኮ በታንኳ በአንድ ሰዓት እመጣ ነበር አላት።

«እንግዲያው ቆፍራ» አለችው።

ይችን ቃል ይዞ ተመለሰ። ለሰፈሩ ግን የነገረው ሌላ ነው። ሁለቱ ቦዮች ቢገናኙ ውሃው ይዘዋወራል፤ ቡቃያ የሚያቃጥለው ቀይና ኮምጣጣ ውሃ በአንዱ ገብቶ በሌላው ታጥቦ ይወጣል እያለ በየበረንዳው ሰበከ። ሲያስረዳ እንዲህ ያምርበት ስለነበር በመጨረሻ ራሱም አመነው። ሁለቱ ሰፈሮች ከሁለት ወገን ጀምረው፣ ሁለት ደረቅ ወራት ሙሉ ቆፈሩ።

አዲስ ውሃ ሲከፈት ባዶ እጅ አይታለፍበትም። ቢጫ ተጣባቂ ሩዝና አርባ አንድ ዓይነት ጣፋጭ በትሪ ተደርድሮ፣ ጨርቅ ተሸፍኖ፣ የቦዩ አለቃ አስቀድሞ ያልፋል፣ ዱዓ ይደረጋል። የዚያን ጊዜው አለቃ ሐጂ ዳህላን ነበሩ። ትሪዎቹ ትልቋ ጀልባቸው ላይ ተጫኑ፤ ሽማግሌዎች ኮፍያቸውን ደፍተው ተቀመጡ፤ የሐጂው ልጅ ማስራኒ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ ከፊት ወጣ። ጀልባዋ ውሃ ታስገባ ስለነበር ከኋላ ተቀምጦ በወተት ጣሳ የሚጨልፍ ሰው አስፈለገ። ሳርካኒ እኔ አለሁ አለ። ምን ቸገረው፣ ዋናው መድረሱ ነው።

ከመተላለፊያው ሲወጡ መጀመሪያ የሚገጥመው የሐምሲያህ አባት እርከን ሆነ። ሰውየው ብቅ ሲሉ የሚያዩት በጨርቅ የተሸፈነ ትሪ፣ ኮፍያ የደፉ ሽማግሌዎችና አዲስ ሸሚዝ የለበሰ ጎረምሳ ነው። በባንጃር ሰው ዘንድ እንዲህ ሆኖ የሚመጣ ጀልባ አንድ ጉዳይ ብቻ ነው ያለው። ሐጂ ዳህላን ሰላምታቸውን እንኳ ሳይጨርሱ ሰውየው ዓይናቸው እንባ አቅርሮ፣ ቤቴን አከበራችሁት፣ ልጄም የእናንተው ናት አሉ።

ሐጂው አፋቸውን ከፈቱና መልሰው ዘጉት። ሽማግሌን በገዛ ደጃፉ፣ በጎረቤቶቹ ፊት፣ ተሳስተሃል ማለት ከጥፊ ይብሳል። ወደ ልጃቸው ዞር አሉ። ማስራኒ ሐምሲያህን አይቷታል፤ ፊቱ ላይ ቅሬታ የሚባል ነገር አልነበረም። ነገሩን ማቃናት የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ጀልባዋ ኋላ ተቀምጦ ውሃ ይጨልፋል። ጨለፈ። ጨለፈ። ውሃው አልቆ ጣሳው እንጨት ሲፍቅ እስኪሰማ ድረስ ጨለፈ።

ሐምሲያህ በዚያው መተላለፊያ ሙሽራ ሆና ወደ ሙራይ መጣች። ከሳርካኒ አራት ቤት ዝቅ ብላ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ኖረች። ሦስት ልጆች ወለደች፤ ሦስቱም ከተማ ገቡ። ሳርካኒ አላገባም። እህቱ ያላመጣችለት ሴት የለም፤ አንዷን ረዘመች አለ፣ አንዷን ሳቋ በዛ አለ፣ አንዷን ደግሞ ምንም የሚያወጣላት ስላጣ ዓሣ አትወድም አለ። ሐጂ ዳህላን ሲሞቱ የቦዩ አለቃ ሆነ፤ ቀርከሃውን ይዞ ሲዞር በማስራኒ ማሳ ፊት ትንሽ ይዘገያል፤ ውሃው ልክ መሆኑን ለሐምሲያህ ይነግራታል፤ ያልፋል። በነዚያ ዓመታት ሁሉ መተላለፊያው ደለል ሞልቶት፣ ሣር በቅሎበት፣ ወፍ እንቁላል ጥሎበት ነበር፤ ሳርካኒ ግን አንድም ቀን ስለ ውሃው ትንፋሽ አንስቶ አያውቅም።

ከአራት ዓመት በፊት ማስራኒ በልብ ሕመም ሞተ። ሐምሲያህ ከአርባው በኋላ ዕቃዋን ጭና፣ ባዶ ወደቀረው የአባቷ ቤት ወደ ካሩፕ ተመለሰች። በተከታዩ ደረቅ ወር ሳርካኒ የጭቃ መቁረጫውን ሳለ። ባህራን ይህን ሲያወራ እዚህ ላይ ጣቱን ብቻ ያነሳል።

ጠርጎ ሲጨርስ ደግሞ ወዲያ ይሻገራል። ሐምሲያህ እርከኗ ላይ ሆና ታየዋለች። ታንኳውን ሳያስር ቀርከሃውን ውሃው ውስጥ ይሰድዳል።

«ካካ፣ ጥልቀቱ ደህና ነው?»

«ደህና ነው፣ አዲንግ።»

ይኸው ነው። በዚህ አገር ታላቅ ወንድም ካካ ነው፣ ታናሽ እህት አዲንግ ናት፤ ሚስትም አዲንግ ናት፣ ትሆናለች ተብላ የምትታሰበውም አዲንግ ናት፤ ስለዚህ ከቃሉ ምንም አይያዝበትም። ቀርከሃውን አንስቶ ይመለሳል። ወር ሳይሞላ ደለሉ መሰብሰብ ይጀምራል፤ ሦስተኛው ወር ላይ ታንኳ አያሳልፍም። የቀረውን ዓመት ሳርካኒ አንዲቱን «ደህና ነው» ሲያላምጥ ይከርማል፤ ሌላ ምን ሊል ይችል እንደነበረ ያስባል። አንዳንድ ቀን ብቻውን ሲቀዝፍ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ይታያል። ሰው ዱዓ የሚያደርግ ይመስለዋል፤ ጁምራህ ግን ዱዓ አለመሆኑን ታውቃለች።

ታዲያ ባለፉት ሁለት ዓመታት በሁለቱም ሰፈር የሩዝ ቡቃያ ጫፉ ብርቱካንማ እየሆነ ይሞት ጀመር። አቤቱታ ተጻፈ። ከከተማው፣ ከባንጃርማሲን፣ አንዲት ወጣት ኢንጂነር መጣች፤ በመጀመሪያው ቀን ሙላት ሲጀምር ከየቦዩ አፍ ሃያ ሃያ ሎሚ ውሃ ላይ ለቀቀች። ባህራን፣ የመንግሥት ሥራ ይህ ከሆነ እኔም ከነሎሚ ዛፌ ልቀጠር አለ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ። በታንኳ ተከትለው ሄደው ግን፣ ሣር ከያዛቸው ከጥቂቶቹ በቀር ሎሚዎቹ በሙሉ መተላለፊያው መሃል ተሰብስበው ቀስ እያሉ ሲዞሩ አገኟቸው። ሳቁ ቆመ።

ልጅቷ አስረዳች። ውሃው እዚህ ይቆማል፤ ደለሉም ኮምጣጣውም መውጫ የለውም። እሱ ብቻ አይደለም፤ ከታች እየተቆረጠ የሚወጣው ጭቃ አየር ሲያገኘው ይኮመጥጣል፣ ዝናብ ሲመታው ኮምጣጣው ተመልሶ ቦዩ ይገባል። ይህን ስትል ወደ ማንም አላየችም፤ ሰው ሁሉ ግን ወደ ሳርካኒ አየ። መድኃኒቱ መተላለፊያው ላይ ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚከፈት በር መትከል ነው። የትልቁ ወንዝ ሙላት አንድ ሰዓት ስለሚቀድም በሩን ገፍቶ ወደ ካሩፕ ያልፋል፤ ሲጎድል በሩ ይዘጋል፣ ውሃው በትንሹ ወንዝ በኩል ይወጣል። መሄድ እንጂ መመለስ የለም። ውሃው ሲሮጥ ደለሉን ራሱ ይጠርገዋል።

ሳርካኒ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ታንኳስ?»

«ታንኳ አያልፍም፣ ጁላክ። በሩ ዝቅ ያለ ነው።»

የሁለቱ ቦይ አለቆች ፊርማ ያስፈልግ ነበር። የካሩፑ በዚያው ቀን ፈረመ። የቁፋሮ ማሽኑ በወሩ መጨረሻ ሌላ አውራጃ እንደሚሄድና ተራው ካለፈ ለዓመታት እንደማይመለስ ልጅቷ ተናገረች። ሳርካኒ መጀመሪያ መነጽሩ ጠፋበት። መነጽሩ ሲገኝ ራሱን አመመው። ከዚያ የበሩን እንጨት ዓይነት ላስብበት አለ። ሰው በጁላክነቱ አክብሮት አልገፋውም፤ ሰላምታው ግን እያጠረ ሄደ። ጁምራህ ብቻ አንድ ቀን የደረቀ ቡቃያ ነቅላ አምጥታ፣ ምሳው ላይ ከዓሣው አጠገብ አስቀመጠችለት።

«ይህ የእኔ ማሳ ነው፣ ካካ» አለችው። «ሌላ አልጨምርም።»

ጁምራህ ሌላ አልጨምርም ብላ ቃሏን ስትጠብቅ ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነው። ሳርካኒ ሳይበላ ተነሳ። እውነቱን እሱም አይቶታል፤ ሎሚዎቹ ሲዞሩ ከሁሉ በፊት የገባው እሱ ነው። ግን በሩ ከተተከለ በዓመት አንዴ የሚሻገርባት ያች ውሃ፣ ያች «ደህና ነው፣ አዲንግ»፣ አለቀች ማለት ነው። ቃሉን ሳይናገር ሊዘጋበት ነው። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ጎረቤት ሆና ያልተናገረውን።

የወሩ የመጨረሻ አርብ፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ ሰፈሩ መስጊድ በረንዳ ላይ ተቀመጠ። ኢንጂነሯ ወረቀቱን አምጥታለች። ሳርካኒ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ እንግዲህ አንድ ጊዜ ደግመን ብንለካው ምን ይመስላችኋል ሲል፣ ባህራን፣ ጁላክ ፊርማው ጠፍቶብዎት ከሆነ አሻራም ይበቃል አለ። የታፈነ ሳቅ ሄደ መጣ። በዚህ መሃል ሴቶቹ ከተቀመጡበት በኩል ሹክሹክታ ተነሳና ሰው ዞረ። ሐምሲያህ ጫማዋን በእጇ አንጠልጥላ በቦዩ ዳር ስትመጣ ታየች። ጭቃው ከቁርጭምጭሚቷ አላለፈም።

ባህራን በምን መጣሽ አላት፤ መተላለፊያው ደፍኗል፣ ታንኳ አያልፍም፤ በወንዙ ዞረሽ ከሆነ ትናንት ነው የተነሳሽው።

«በእግሬ ነው» አለች። «ካካ ሳርካኒ በወረወረው ላይ።»

ነገሩ እውነት ነበር። የአራት ዓመቱ ጭቃ መተላለፊያው ዳር ተቆልሎ፣ ደርቆ፣ ረግረጉን ከላይ ለብሶ ሰው የሚሄድበት ሆኗል። ሁለት ቦታ ላይ ዝቅ ስለሚል ሙላት ይሸፍነዋል፤ ባሕሩ ሲጎድል ግን እግር ይዘልቃል። ሳርካኒ በየዓመቱ እጁ ላይ ውሃ እስኪቋጥር ሲወረውረው፣ ዓይኑ ውሃው ላይ ብቻ ስለነበር አንድም ቀን ዳሩን አላየውም።

ሐምሲያህ ከሴቶቹ ጋር አልተቀመጠችም። በካሩፕ በኩልም ቡቃያው ማለቁን፣ የእሷም ማሳ እንደሄደ ለሽማግሌዎቹ በአጭሩ ተናገረች። ከዚያ ወደ ሳርካኒ ዞረች።

«ፈርምና ሸኘኝ፣ ካካ። ሙላቱ ሳይመጣብኝ።»

ሳርካኒ ፈረመ። ስሙ ከመስመሩ ወጥቶ ሄደ። 

ጫካው ውስጥ እሷ ከፊት፣ እሱ ከኋላ ሆነው ሄዱ። መንገዱ ጠባብ ነው። በግራቸው መተላለፊያው ጎድሎ ሆዱ ይታያል፤ ለስላሳ፣ ግራጫ፣ ሸርጣኖች የሚሯሯጡበት። እዚያ ውስጥ የአባቱ ኮኮናት አፈር አለ፣ የማስራኒ ማሳ ዳር አለ፣ የእሷም እርከን አለ፤ ማን የማን እንደሆነ መለየት አይቻልም። ሳርካኒ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ ግን የለም። የመጀመሪያውን ዝቅታ አለፉ። ሁለተኛውን አለፉ። የቤቷ ጣሪያ በገለሞቹ መሃል ብቅ ሲል ቆመ።

«ጀልባዋ ላይ እኔም ነበርኩ» አለ። «የዚያን ቀን። ትሪው ለጋብቻ አልነበረም፤ ለውሃው ነበር።»

ሐምሲያህ ሳትዞር ቆመች።

«አይቼሃለሁ» አለች። «ከኋላ ተቀምጠህ ትጨልፍ ነበር። አባቴ ሲያወራ እኔ አንተን ነበር የማየው። አሁን ጣሳውን ያስቀምጣል፣ አሁን ያስቀምጣል እያልኩ።»

ሳርካኒ ዓይኑን ወደ ሸርጣኖቹ አዞረ።

«ማስራኒ ደግ ሰው ነበር» አለች። «አርባ ዓመት ስታለቅስ ኖረች ብለህ እንዳታስብ። ኖሬያለሁ። ግን ቀርከሃህን ይዘህ በደጄ ባለፍክ ቁጥር፣ ይህ ሰው ደግሞ ዛሬ ምን ይለካል እል ነበር።»

«መተላለፊያውን የቆፈርኩት ላንቺ ነው» አለ ሳርካኒ። ድምፁ፣ የሰማው ሰው የእሱ ነው ብሎ የማያምነውን ያህል፣ ትንሽ ነበር። «ለኮምጣጣው ውሃ አልነበረም። ያን ያልኩት ለሰው ነው። ያኔም ላንቺ ነው፣ አሁንም ላንቺ ነው።»

 ከሩቅ የትልቁ ወንዝ ሙላት መጀመሩን የሚያውቁ ወፎች ከጭቃው ላይ ተራ በተራ መነሳት ጀመሩ። ሳርካኒ እግሩ ሥር ያለው አፈር የሚከዳው መሰለው፤ ግን ጸና።

«ሰማሁ» አለች በመጨረሻ። «አሁን ተመለስ፣ መንገዱ ሳይዋጥብህ። እኔም እሳት ላይ የተውኩት ዓሣ አለ።»

ጥቂት እርምጃ ሄዳ፣ ጫማዋን ካንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛውራ ዞረች።

«ነገ ባሕሩ የሚጎድለው ስንት ሰዓት ነው?» አለችው።

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሙላቱን ሰዓት ከራሱ ከሙላቱ ቀድሞ ሲናገር የኖረው የቦይ አለቃ አፉን ከፍቶ ቆመ። ሰማይ አየ። ውሃውን አየ። ጣቱን ቆጥሮ መሃል ላይ ጠፋበት።

«ቆይ» አለ ሳርካኒ፤ «ሰው ጠይቄ ልምጣ።»